ከፈነዳው የደም ሥር በኋላ

አንጎሉ ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ፈንድቶበት የታከመ ሰው በእግሩ ቆሞ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ሲቲ ስካኑም «ደህና ነው» ሊል ይችላል። ቤተሰቡ ግን ሌላ ነገር ያያል፦ ስልኩን አንስቶ ለማን ሊደውል እንደነበር ይጠፋዋል፣ ቶሎ ይደክመዋል።

እዚህ ላይ የሚረዳ ሌላ ዓይነት ምርመራ አለ፤ አንጎልን ሥራ ላይ እያለ የሚያሳይ ኤምአርአይ። የነርቭ ሴሎች ሥራ ሲበዛባቸው ኦክስጅን የያዘ ደም ወደ አካባቢው ይጎርፋል። መሣሪያው ይህን ለውጥ ማንበብ እንደሚችል ተመራማሪው ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 አሳዩ። ታካሚው ተኝቶ ፊደላትን በልቡ ሲይዝ፣ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚነቃ ይታያል።

ነገር ግን መሣሪያው የሚያየው ደሙን እንጂ ሴሉን አይደለም። ደም ከፈሰሰ በኋላ የአንጎል የደም ሥሮች እንደ ወትሮው ላይታዘዙ ይችላሉ። ስለዚህ ምስሉ ላይ የደበዘዘ ቦታ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። በዚህ ምስል ብቻ አንድን ታካሚ «ከዚህ በላይ አይሻልህም» ማለት በደል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የማስታወስና የትኩረት ፈተናም አብሮ ይታይ።

አንድ ነገር ልጨምር። የደም ሥሩ እብጠት በብረት መቆንጠጫ የተዘጋ ከሆነ፣ ኤምአርአይ በማግኔት ስለሚሠራ የመቆንጠጫው ዓይነት አስቀድሞ ይጣራ። የታይታኒየሙ በማግኔት አይሳብም፤ አንዳንድ የድሮዎቹ ግን ይሳባሉ። የቀዶ ሕክምና ወረቀታችሁን አትጣሉ፤ ለባለሙያው አሳዩ።