ያገኘነው መብት አማና ነው
(በየካ ክፍለ ከተማ ለመስጂድ ጀመዓ ከተደረገ ንግግር)



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይስፈን።

በመድረሳ የማስተምራቸው ልጆች ዒድ ሲደርስ ትምህርት ቤት መዘጋቱ ከጥንት የነበረ ይመስላቸዋል። አልነበረም። በመካከላችን ያሉ አዛውንቶች «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ተብለው የተጠሩበትን ዘመን ያስታውሳሉ። በገዛ አገር እንግዳ መባል ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣው ሕዝብ ኢትዮጵያዊነቱ እንዲታወቅለት፣ በዓላቱም እንዲከበሩለት ጠየቀ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ተሰለፉ። ዒድ አል-ፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የአገር በዓላት የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው።

በ2004 ከአወሊያ የተነሳውን «ድምፃችን ይሰማ» ደግሞ እናንተው ኖራችሁበታል። ጥያቄው መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ፣ መሪዎቻችንን እኛው እንምረጥ የሚል ነበር። የመረጥናቸው የኮሚቴ አባላት ታሰሩ፤ በ2007 ከባድ የእስራት ፍርድ ተፈረደባቸው። ሕዝቡ ግን ድንጋይ አላነሳም። ጁሙዓ በመጣ ቁጥር በሰብር ድምፁን አሰማ።

አልሐምዱሊላህ፣ ያ ሰብር ፍሬ አፍርቷል። የታሰሩት ተፈቱ። በ2011 ዑለማዎቻችን በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ተስማሙ። በ2012 መጅሊሳችን በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። በ2013 ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች በራቸውን ከፈቱ፤ ወለድን ፈርቶ ገንዘቡን ቤቱ ያስቀምጥ የነበረ ነጋዴ ዛሬ ከነእምነቱ የባንክ ደንበኛ ሆኗል።

ይህን ስናከብር ግን ሥራው አልቋል አንበል። በ2017 በአክሱም ሴት ልጆቻችን በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ሲከለከሉ አይተናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የተጻፈው የእምነት ነፃነት በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ካልተከበረ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እንደ ትናንቱ በሰላምና በሕግ መጠየቃችንን እንቀጥላለን።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከሌላው ፍትሕ የጠየቀ ሰው በራሱ ደጅ ፍትሕ ሊጠየቅ ይገባዋል። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ኮተቤ መንደራችን ዳገት ነው። ያን ዳገት ወጥታ የመጣች እናት መስገጃዋ ጠባብና ጨለማ ከሆነ፣ የኹጥባው ድምፅም ካልደረሳት፣ ድምፃችን ይሰማ ስንል የእሷን ድምፅ ማን ሰማው? በዊልቸር የሚሄድ ወንድማችን ደረጃው ሥር ከቀረ፣ መስማት የተሳነው ወጣት የኹጥባውን መልእክት የሚነግረው ካጣ፣ እኩልነት ከእኛ ቤት ገና አልገባም ማለት ነው።

ዓይነ ስውሩን ሰሓባ ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱምን አስታውሱ። ሱረቱ ዐበሳ በእሱ ምክንያት ወረደች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አክብረው ሙአዚን አደረጉት፤ ለዘመቻ ሲወጡም መዲናን በአደራ ትተውለታል። በእዝነት ዳር አላስቀመጡትም፤ ኃላፊነት ሰጡት።

ስለዚህ የየመስጂዱ ኮሚቴ በመጪው ሹራ ሦስት ነገር ይመልከት፦ የሴቶችን መስገጃና ውዱእ ማድረጊያ፣ ዊልቸር የሚያስገባ መግቢያ፣ የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው። እህቶችም በሹራው ይቀመጡ፤ የጎደለውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ገንዘብ ያለው በገንዘቡ፣ ግንበኛው በእጁ ያግዝ።

አላህ የሰጠንን ኒዕማ የምናመሰግን፣ ለሌላውም የምናካፍል ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።