በኢንተርኔት ሐራጅ ላይ ስለሚገባው የሐሰት ተጫራች

በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




ሐራጅ ከሽያጭ ዓይነቶች ሁሉ ዕድሜ ጠገብ ከሆኑት አንዱ ነው። ዕቃው በአደባባይ ይታያል፤ አጫራቹ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢዎች በየተራ ይጨምራሉ፤ የሚጨምር ሲጠፋ ዕቃው ለመጨረሻው ዋጋ ሰጪ ይጸናለታል። የዚህ ሽያጭ ክብር የሚመነጨው ዋጋውን የወሰነው የገዢዎች ፉክክር ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። አንድ ሰው ለአንድ ዕቃ 1,000 ብር ለመስጠት ድፍረት የሚያገኘው፣ ሌላ ሰው 990 ብር ሲሰጥ ስላየ ነው። ያ ሌላ ሰው የሻጩ ወንድም ወይም ሻጩ ራሱ ሆኖ ሲገኝ ግን ገዢው የከፈለው ለዕቃው ብቻ አይደለም፤ ለተሠራበት ተንኮልም ጭምር ከፍሏል።

ይህ ተንኮል አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው የሚሠራበት ቦታ ነው። በገበያ አደባባይ ተጫራቹ በመልኩ ይታወቃል፤ ዛሬም ነገም ለአንድ ሻጭ ብቻ እጁን የሚያነሣ ሰው ውሎ አድሮ መታወቁ አይቀርም። ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 በካሊፎርኒያ ኋላ ኢቤይ የተባለውን የሐራጅ ገበያ በኢንተርኔት ከከፈተ ወዲህ ግን፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ፊት ለፊት ሳይተያዩ ይጫረታሉ። ተጫራቹ የሚታወቀው ራሱ ባወጣው መለያ ስም ነው። አንድ ሰው ደግሞ አሥርም ሃያም መለያ ስም ሊያወጣ ይችላል።

የአደጋውን ጥልቀት ለመረዳት አስቀድሞ የአሠራሩን ሥርዓት መመልከት ያስፈልጋል። በነዚህ ገበያዎች ተጫራቹ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ዋጋ አይጨምርም። ለዕቃው ሊከፍል የሚፈቅደውን የመጨረሻ ዋጋ በምሥጢር ለኮምፒዩተሩ ይሰጣል፤ ኮምፒዩተሩም እንደ ታማኝ ወኪል ሆኖ፣ ሌላ ተጫራች በመጣ ቁጥር ለማሸነፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይጨምርለታል። እንግዲህ አሸናፊው የሚከፍለው እርሱ የፈቀደውን ከፍተኛ ዋጋ አይደለም፤ ከርሱ ቀጥሎ ያለው ተጫራች የሰጠውንና በላዩ አንድ የጭማሪ እርከን ነው። ዊልያም ቪክሬይ የተባለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ አሸናፊው የሁለተኛውን ሰው ዋጋ የሚከፍልበት ጨረታ ተጫራቹ እውነተኛ ግምቱን ሳይደብቅ እንዲሰጥ የሚያበረታታ መሆኑን አሳይቷል። ሊቁ እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

የሥርዓቱ ውበትም ድካምም እዚህ ላይ ነው። ዋጋውን የሚወስነው ተሸናፊው ነውና፣ አጭበርባሪው ማሸነፍ አያስፈልገውም፤ በሚገባ መሸነፍ ብቻ ይበቃዋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ገዢ በምሥጢር 1,000 ብር ፈቅዶ ሳለ፣ ሁለተኛው እውነተኛ ተጫራች 390 ብር ላይ ቢያቆምና የጭማሪው እርከን 10 ብር ቢሆን፣ ዋጋው 400 ብር ላይ ይጸናል። ሻጩ ግን በሌላ መለያ ስም ገብቶ 500፣ ቀጥሎ 700፣ ቀጥሎ 950 ብር ቢሰጥ፣ የገዢው ታማኝ ወኪል እያንዳንዱን እየበለጠ ዋጋውን 960 ብር ያደርሰዋል። ገዢው አሸንፌያለሁ ብሎ ደስ ሲለው 560 ብር ተቀምቷል። ከፈቀደው ዋጋ በታች ስለ ከፈለ መበደሉን እንኳ አያውቅም። ሻጩ ገፍቶ ከ1,000 ብር ቢያልፍም ብዙ አይጎዳም፤ «አሸናፊው ሳይከፍል ቀረ» ብሎ ለሁለተኛው ሰው በራሱ የመጨረሻ ዋጋ እንዲወስድ ሊጠይቀው ይሞክራል።

ተንኮሉ በሻጭ በኩል ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ገዢዎችም ተመሳጥረው አንዱ በአንዱ ላይ እንዳይጨምር ይስማማሉ፤ እንግሊዝ ይህን ዓይነቱን ምሥጢራዊ ውል ለመቅጣት እ.ኤ.አ. በ1927 ልዩ ሕግ አውጥታለች። ሌላው ዘዴ ደግሞ ዋጋን መከለል ነው። አንዱ ግብረ አበር ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ወዲያው ማንም የማይደፍረውን እጅግ ከፍተኛ ዋጋ ሰጥቶ ሌሎቹን ያባርራል፤ ሐራጁ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ተሳስቻለሁ ብሎ ዋጋውን ያነሣል። ዕቃውም በዝቅተኛው ዋጋ ለባልንጀራው ይቀራል። መልኩ የተለያየ ቢሆንም ሥሩ አንድ ነው፤ ይኸውም የመክፈል ሐሳብ የሌለበት ዋጋ እንደ እውነተኛ ዋጋ መቆጠሩ ነው።

ነገሩ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማሳየት በአሜሪካ የሆነውን ማንሣት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ ነዋሪ የሆነ አንድ ጠበቃ አንድ ረቂቅ ሥዕል በ25 ሳንቲም መነሻ ዋጋ ለሐራጅ አቀረበ። ሥዕሉ ላይ የነበረው ምልክት እ.ኤ.አ. በ1993 ያረፈው የታወቀው ሠዓሊ የሪቻርድ ዲበንኮርን ሥራ መስሎ እንዲታይ ያደርግ ነበር። ዋጋው 135,805 ዶላር ደርሶ አንድ የኔዘርላንድስ ሰው አሸነፈ። ኋላ ሻጩ በሌላ መለያ ስም በራሱ ዕቃ ላይ ዋጋ ሰጥቶ መገኘቱ ስለ ታወቀ ገበያው ሽያጩን ሰረዘው። የመንግሥት መርማሪዎች ሲመረምሩ ሦስት ሰዎች ከ40 በሚበልጡ መለያ ስሞች አንዱ በሌላው ዕቃ ላይ ዋጋ ሲያንሩ እንደ ቆዩ ደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ2001 ክስ ተመሠረተ፤ ከሦስቱ ሁለቱ በዚያው ዓመት ጥፋታቸውን አመኑ። ሕግ አዋቂው ሰው በዚህ መንገድ መውደቁ ለማንኛውም ባለሙያ የሚያስተምረው አለ፤ ከባልንጀራ ጋር ዋጋ መገፋፋት መጀመሪያ ላይ ተራ የገበያ ብልጠት ይመስላልና።

ከቅጣቱ ይልቅ አስቸጋሪው ጥያቄ ግን፣ የሐሰቱ ተጫራች ከተጋለጠ በኋላ ትክክለኛው ዋጋ ስንት ነው የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠው የጀርመን ፌዴራላዊ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። አንድ ሻጭ አንድ ያገለገለ የጎልፍ አውቶሞቢል በኢቤይ ላይ በ1 ዩሮ መነሻ ዋጋ አቀረበ። አንድ የማይታወቅ ሰው 1 ዩሮ ሰጠ። ከዚያ በኋላ የተጫረቱት አንድ እውነተኛ ገዢና በሁለተኛ መለያ ስም የገባው ሻጩ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ እየተገፋፉ ዋጋው 17,000 ዩሮ ደረሰ፤ በመጨረሻም አሸናፊ ሆኖ የተገኘው ሻጩ ራሱ ሆነ። ገዢውም የሻጩ ዋጋዎች ሁሉ ከተሰረዙ የቀረው እውነተኛ ተፎካካሪ 1 ዩሮ የሰጠው ብቻ ስለሆነ፣ መኪናው በ1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም የኔ ነው ሲል ከሰሰ። የሥር ፍርድ ቤቶች በነገሩ ተለያዩ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በሰጠው ፍርድ፣ የሽያጭ ሐሳብ የሚቀርበው ለሌላ ሰው ስለሆነ ማንም የራሱን ሐሳብ ራሱ ሊቀበል አይችልም፤ ስለዚህ የሻጩ ዋጋዎች እንዳልተሰጡ ይቆጠራሉ ብሎ ወሰነ። መኪናው ለሌላ ተሽጧል በመባሉም፣ ሻጩ ለገዢው 16,500 ዩሮ ካሳ እንዲከፍል ፈረደበት።

ይህ ፍርድ ለአንዳንዱ ጭካኔ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሻጩ ዕቃውን በርካሽ ላለመስጠት ቀና መንገድ ነበረው፤ መነሻ ዋጋውን ከፍ ማድረግ፣ ወይም ከዚህ በታች አልሸጥም የሚል ወለል አስቀድሞ ማስታወቅ ይችል ነበር። ይህን ያላደረገው ርካሹ መነሻ ብዙ ሰው እንዲስብለት ስለ ፈለገ ነው። የፉክክርን ጥቅም የፈለገ ሰው የፉክክርን አደጋም መሸከም አለበት። የንግግሩ ፍሬ ነገር በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል።

የሌሎች አገሮች ሕጎችም ወደዚሁ ያዘነብላሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የእንግሊዝ የዕቃ ሽያጭ ሕግ፣ ሻጩ የመጫረት መብቱን አስቀድሞ ካላስታወቀ በቀር ራሱም ሆነ በሌላ ሰው አማካይነት መጫረት እንደማይችል ይደነግጋል፤ ይህን የጣሰውን ሽያጭ ገዢው እንደ ማጭበርበር ሊቆጥረው ይችላል። የአሜሪካ ወጥ የንግድ ሕግ ደግሞ፣ አጫራቹ እያወቀ እንዲህ ያለውን ዋጋ የተቀበለ እንደሆነ፣ ገዢው ሽያጩን እንዲያፈርስ ወይም ዕቃውን ከሐሰቱ በፊት በቅን ልቡና በተሰጠው የመጨረሻ ዋጋ እንዲወስድ ምርጫ ይሰጠዋል። በኒው ዮርክም እ.ኤ.አ. በ2004 ስምንት ሻጮች በዚሁ ጥፋት በካሳና በቅጣት መልክ ወደ 90,000 ዶላር እንዲከፍሉ ተደርጓል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ፣ የቀረው ሐሰተኛውን ለይቶ የማወቅ ሥራ ነው። ይህም የዳኛ ብቻ ሥራ አይደለም፤ የሂሳብ አዋቂውና የተቆጣጣሪውም ነው። በአደባባይ ሐራጅ የተነገረ ቃል ከነፋስ ጋር ይሄዳል። በኢንተርኔት ሐራጅ ግን እያንዳንዱ ዋጋ፣ ማን በሚባል መለያ ስም፣ በየትኛው ሰዓትና ደቂቃ እንደ ተሰጠ ተመዝግቦ ይቀመጣል። መልክን የሸሸገው መሣሪያ ድርጊትን መዝግቧል። መዝገቡን ማንበብ ለሚችል ሰው የሐሰት ተጫራች ጠባይ ይታያል፤ የሚጫረተው በአንድ ሻጭ ዕቃዎች ላይ ብቻ ነው፤ ብዙ ይጫረታል፤ ነገር ግን የሚያሸንፈው ከስንት አንዴ ነው፤ ሌላ ሰው ዋጋ እንደ ሰጠ ወዲያው በትንሽ እርከን ይከተላል፤ ሐራጁ ሊዘጋ ሲል ግን እንዳያሸንፍ ዝም ይላል። የገንዘብ መክፈያው፣ የስልክ ቁጥሩ ወይም የኮምፒዩተሩ አድራሻ ከሻጩ ጋር አንድ ሆኖ ሲገኝ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ሆኖም ምልክት ማስረጃ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። የአንድን ሻጭ ዕቃ የሚወድ፣ ገንዘቡ አነስተኛ በመሆኑ ዘወትር የሚሸነፍ ንጹሕ ሰው አለ። በመጨረሻው ደቂቃ ዋጋ የሚሰጠውም አጭበርባሪ አይደለም። አልቪን ሮትና አክስል ኦከንፌልስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ መዝጊያ ሰዓቱ በማይለወጠው በኢቤይ ላይ፣ ዋጋ በተሰጠ ቁጥር ሰዓቱ ከሚራዘምበት የያኔው የአማዞን ሐራጅ ይልቅ የመጨረሻ ደቂቃ ዋጋ እንደሚበዛ አሳይተዋል። እንዲያውም ምሥጢሩን እስከ መጨረሻ የሚይዝ ገዢ፣ ሐሰተኛው ዋጋውን እየነካካ እንዳይመረምረው ራሱን ይከላከላል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ምልክቶቹን ደምሮ፣ ተጠርጣሪውን ጠይቆ፣ መልሱን ከመዝገቡ ጋር አስተያይቶ መፍረድ ይገባዋል።

አጫራቹ ራሱ ሲበድልስ? ስናፕኔምስ የተባለው የኢንተርኔት አድራሻ ስሞች አጫራች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳስታወቀው፣ አንድ የራሱ ሠራተኛ ከ2005 ጀምሮ በሐሰት ስም ሲጫረት ቆይቷል። ድርጅቱ ለተጎዱት ደንበኞች የዋጋውን ልዩነት ከወለድ ጋር ለመመለስ ቃል ገብቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ከሽያጩ መጠን ኮሚሽን የሚቀበል አጫራች ዋጋ ሲንር ይጠቀማልና፣ መዝገቡን የሚመረምረው ከአጫራቹ ውጭ ያለ ሰው መሆን አለበት። ሠራተኞችም እንዳይጫረቱ መከልከል፣ ክልከላውም በየጊዜው መፈተሽ አለበት።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ባለሙያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት በሐራጅ የሚሸጡበት አዋጅ ቁጥር 97 በ1990 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ በጨረታ መመሳጠርን ከልክሏል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የመንግሥት ግዥም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ገብቷል። በሐራጅ የሚሸጠው ቤት የባለዕዳው የዕድሜ ልክ ጥሪት ሊሆን ይችላል፤ ገዢዎች ተመሳጥረው ዋጋውን ቢያወርዱ ባለዕዳው ቤቱንም አጥቶ ዕዳውም ይቀርበታል። የሐሰት ተጫራች ገብቶ ዋጋውን ቢያንር ደግሞ ቆጥቦ የመጣው ገዢ ይጎዳል። በሁለቱም በኩል የሚጎዳው ሰው አለ፤ ሁለቱም ግን ብዙ ጊዜ መበደላቸውን አያውቁም።

እንግዲህ ማንኛውም ባለሙያ በኤሌክትሮኒክ ሐራጅ ሥራ ላይ ሲሰማራ አራት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተጫራች በእውነተኛ ማንነቱ ተመዝግቧል ወይ? ሁለተኛ፣ ዋጋውን ያለ በቂ ምክንያት ሊያነሣ እንዳይችል የሚይዘው መያዣ አለ ወይ? ሦስተኛ፣ የጨረታው መዝገብ ሳይፋቅና ሳይሰረዝ ተጠብቆ በገለልተኛ ወገን ይመረመራል ወይ? አራተኛ፣ ሐሰት ሲገኝ የተጎዳው ሰው ልዩነቱን የሚያገኝበት መንገድ በደንቡ ውስጥ አስቀድሞ ተጽፏል ወይ?

መዶሻው በእንጨት ላይ ቢመታ ወይም በኮምፒዩተር መስታወት ላይ ሰዓቱ ቢያልቅ የሐራጅ ቃል አንድ ነው፤ ይህ ዋጋ በእውነተኞች ሰዎች መካከል የተገኘ ነው የሚል ቃል ነው። ይህን ቃል የሚሰጠው አጫራቹ ነው፤ እውነት መሆኑን መርምሮ የሚያረጋግጠው ግን ባለሙያው ነው።