መድኀኒትን በስብ ከረጢት ወደ ሳንባ ስለ ማድረስ



የታመመው ሳንባ ሲሆን፥ መድኀኒቱ በደም ሥር ገብቶ መላውን አካል የሚዞረው ስለ ምንድን ነው? ሳንባስ በሩ በየትንፋሹ ክፍት አይደለምን?

አሚካሲን የተባለውን መድኀኒት እንመልከት። በመርፌ ለብዙ ጊዜ ሲሰጥ ጆሮን ሊያደነቁር፥ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሊቃውንት በጥቃቅን የስብ ከረጢቶች ውስጥ ከተው፥ በመሣሪያ እንደ ጉም እንዲተነፈስ አደረጉት። ይህም አሪኬስ ተብሎ በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የተፈቀደውም «ማክ» የሚባሉት የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመዶች ሳንባቸውን ለያዙባቸውና ሌላ ሕክምና ላልበጃቸው ሰዎች ነው። መጠኑ በቀን 590 ሚሊግራም ነው። ብልሃቱን ልብ በሉ፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚሸሸጉት ማክሮፋጅ በተባሉት የሳንባ ዘበኞች ሆድ ውስጥ ነው። ዘበኛውም ከረጢቱን ባዕድ ነው ብሎ ሲውጠው፥ መድኀኒቱ ከነጠላቱ ዋሻ ይገባል። ሆኖም ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያስከትላልና ያለ ሐኪም የሚወሰድ አይደለም።

ጭነቱ ኤምአርኤንኤ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። በ2020 እ.ኤ.አ. ኤምአርኤንኤ የያዙትን የኮሮና ክትባቶች የተሸከሙት የስብ ቅንጣቶች በክንድ ጡንቻ የተወጉ ናቸው፤ እንዲህ ያሉት በደም ሥር ቢሰጡ አብዛኞቹ በጉበት ይቀራሉ። በትንፋሽ እንዲገቡ ከተፈለገ፥ 100 ናኖሜትር ገደማ የሆነው ቅንጣት ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር በሚሆን ጠብታ ተሳፍሮ መጓዝ አለበት፤ ጠብታው ከዚህ ከበለጠ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ጠብታውን የሚሠራው መሣሪያ ራሱ ደግሞ ቅንጣቱን ይሰባብረዋል፥ ወይም እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። ከዚያም ሳንባ አቧራን የሚጠርግበት ንፍጥ ይጠብቀዋል።

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በተባለው የዘር በሽታ ይህ ንፍጥ እንደ ሙጫ ይወፍራል። ለዚሁ በሽታ የተሠራ፥ በትንፋሽ የሚወሰድ የኤምአርኤንኤ መድኀኒት ተሞክሮ በ2021 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲነገር፥ የሕመምተኞቹ የመተንፈስ ኀይል አልተሻሻለም ነበር። እነዚያ ሰዎች ተስፋ አድርገው ነበር፤ ስለዚህ «ናኖ» የሚለውን ቃል በሰማን ቍጥር አናጨብጭብ እንላለን።

የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን ሳንባ ነቀርሳ ከበዛባቸው አገሮች መካከል ቈጥሯታል። የነቀርሳው ባክቴሪያም የሚሸሸገው በዚያው ዘበኛ ሆድ ነው። ነገር ግን ጉም የሚሠራው መሣሪያ ኤሌክትሪክ ይሻል፤ መብራት ለሌለው ጤና ጣቢያ በደረቅ ዱቄት መልክ የሚሳብ መድኀኒት ይሻለዋል። ሲደርቅ ከረጢቱ እንዳይፈርስ ትሬሃሎስን የመሰለ ስኳር ይጨመርበታል። የኬሚስትሪ ክፍል ጓደኞቻችን ውይይቱን ከዚህ ቢጀምሩልን እንወዳለን።