በጋራዥ ስለሚሠራ የጋዝ መሳቢያ ሣጥን
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ወርቅ ሠሪ ወርቁን ከብርና ከመዳብ ለመለየት ሲፈልግ በናይትሪክ አሲድ ያሟሟዋል። ብሩና መዳቡ ይሟሙና ወርቁ ከዕቃው ሥር ይቀራል። በዚያው ጊዜ ከዕቃው አፍ ቀይ ቡናማ ጋዝ ይነሣል፤ ይኸውም ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለው ነው። ይህ ሥራ የሚካሄደው ሁልጊዜ በተሟላ ላቦራቶሪ አይደለም። ከመኖሪያ ቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍቶ፣ አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ የሚሠራ ባለሙያ አለ። ጨርቅ ግን አቧራ ያግድ ይሆናል እንጂ ጋዝ አያግድም።

የዚህ ጋዝ ክፋቱ አታላይነቱ ነው። አሞኒያ ሰውን ወዲያው አስሎና አስለቅሶ ያባርራል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን የተነፈሰ ሰው ግን ጥቂት ስሎ ሥራውን ሊቀጥል፣ እራቱን በልቶም ሊተኛ ይችላል። ከብዙ ሰዓት በኋላ ሳንባው ውሃ መቋጠር ሲጀምር ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ጋዙ ያገኘው ሰው ደኅና ቢመስልም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 5 እጅ እንዳያልፍ መወሰኑ የጋዙን ኀይለኝነት ያስረዳል።

እንግዲህ መከላከያው ኬሚስቶች ፊውም ሁድ የሚሉት የጋዝ መሳቢያ ሣጥን ነው። ስለዚህ ዕቃ ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ስለ ሣጥኑ ነው። ዳሩ ግን ሣጥኑ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሠራተኛውን የሚጠብቀው በፊት ለፊቱ ክፍት በኩል ወደ ውስጥ የሚገባው አየር ነው። የዚህ አየር የተለመደ ፍጥነት በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። በጣም ካነሰ ጋዙ ያመልጣል፤ በጣም ከበዛም አየሩ በሠራተኛው ደረት ፊት እየተሽከረከረ ጋዙን መልሶ ያወጣዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የክፍቱ ወርድ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 0.32 ሜትር ካሬ ነው። ይህ በ0.5 ሲባዛ በሰከንድ 0.16፣ በሰዓት ደግሞ 576 ሜትር ኩብ አየር ይሆናል። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ በሰዓት የሚያወጣው 100 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ይኸውም ቢሆን ቱቦና ክርን ሳይገጠምለት የተለካ ነው። ማራገቢያው ደካማ ከሆነ መስተዋቱን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ የሚያስፈልገውን አየር በግማሽ ይቀንሰዋል። ቱቦውም የራሱ ሕግ አለው። 20 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ባለው ቱቦ ውስጥ ይኸው አየር በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀነስ ግን ፍጥነቱ አራት እጥፍ ሆኖ ማራገቢያውን ያንቀዋል።

ሣጥኑ ከኮምፔንሳቶ ሊሠራ ይችላል። ሆኖም ናይትሪክ አሲድ እንጨትን ስለሚበላና ሊያቃጥልም ስለሚችል፣ ውስጡ አሲድ በሚቋቋም የኢፖክሲ ቀለም በሚገባ መሸፈን አለበት። ላሜራ ቱቦ በአሲዱ ትነት ይበላል፤ ለዚህ ሥራ ፒቪሲ ይሻላል። ማራገቢያው የሚገጠመው ከቱቦው መጨረሻ፣ ከቤት ውጭ ነው። ያን ጊዜ ቱቦው ቢሰነጠቅ እንኳ የቤቱ አየር ወደ ቱቦው ይገባል እንጂ ጋዙ ወደ ቤት አይወጣም። የማራገቢያው ሞተር ከአየሩ መንገድ ውጭ መሆን አለበት፤ አለዚያ አሲዱ ይበላዋል፣ የሚቀጣጠል ትነት ባለበትም ብልጭታው እሳት ያስነሣል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር የሚገባው አየር ነው። በሰዓት 576 ሜትር ኩብ የሚወጣ ከሆነ ያንኑ ያህል መግባት አለበት። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ማራገቢያ ማስነሣት አፉ በታሰረ ጠርሙስ ውስጥ እንደ መምጠጥ ያለ ነው። የመግቢያው ቀዳዳ ከሣጥኑ ራቅ ብሎ ይሁን፤ ከጎን የሚነፍስ ነፋስ የሣጥኑን አየር ያውካልና።

ሥራው ካለቀ በኋላ መመስከር ያለበት ፈተና ነው። ለዚህም በየቤቱ የሚገኝ ዕጣን ይበቃል። አሲድ ሳይቀርብ በፊት ዕጣኑ ከክፍቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ይጨስ፤ አንድ ሰው እንደ ሥራው ጊዜ ከፊት ይቁም፤ ሌላው በኋላው ይለፍ፣ በርም ይክፈት። ጢሱ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቆመው ሰው ከተመለሰ ሣጥኑ አልተሠራም ማለት ነው። በክፍቱ ጠርዝ የተንጠለጠለ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ደግሞ አየሩ መሳቡን በየቀኑ ያሳያል።

ሣጥኑ ጋዙን ያርቃል እንጂ አያጠፋውም። የቱቦው ጫፍ ከጣሪያ በላይ ካልወጣ የባለሙያው ጤና በጎረቤት ልጆች ትንፋሽ ይገዛል። ስለዚህ አሲዱን ጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ የጋዙን መጠን ከምንጩ መቀነስ ይቀድማል። ፐርክሎሪክ አሲድን የመሰለ ትነቱ በቱቦ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚፈነዳ ነገርና ሜርኩሪን ማሞቅ ፈጽሞ የዚህ ሣጥን ሥራ አይደሉም።

የማይስብ ሣጥን ከባዶ ጠረጴዛ የከፋ ነው። በባዶ ጠረጴዛ ፊት የቆመ ሰው ይፈራል፤ በማይስብ ሣጥን ፊት የቆመው ግን ተማምኖ ይጠጋል። የበለጠ የሚጠጋውም ማራገቢያው ስለ ጮኸ ብቻ ሥራውን የሚያምነው ለማጁ ልጅ ነው። የአየር ፍጥነት መለኪያ ያለው የማኅበሩ አባል በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈሩ ወርቅ ሠሪ ጎራ ቢል፣ ለዚያ ልጅ የሚያደርግለት ውለታ ከብዙ ምክር ይበልጣል።