መኪና ከተጋጨ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ
(በማራኪ ሠፈር በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዕድሩ ዳኛ ስለ መኪና መድን ጥቂት እንድንናገር ሲያዝዙን በመጀመሪያ አፍረን ነበር። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ በመሥሪያ ቤት በገቢና ወጪ ደብዳቤ ላይ ቀን ስንመታ የኖርን ሰዎች ነን፤ የራሳችን ጉዳይ ሲመጣ ግን ቀኑን አሳለፍነው። ይሁን፣ የኛ ስሕተት ለሌላው ይጥቀም ብለን ቆመናል።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ክረምት ነው። ልጃችን አሮጌዋን ኮሮላ ይዞ ከአዘዞ ወደ ከተማ ሲመለስ በዝናብ ከአንድ ፒክአፕ ጋር ተጋጨ። የኛዋ ተንሸራታ መንገድ ዳር ድንች የምትሸጥ አንዲት የጉልት ሴት መታችና ክንዷን ሰበረቻት። ፓራውልቱ፣ ኮፈኑ፣ የግራው ፓራፋንጎ እንዳልነበር ሆነ። ሁለቱ ሾፌሮች ሴትዮዋን ሐኪም ቤት አደረሷት፤ እሱስ ደግ አደረጉ። ግን መንገድ አንዝጋ ብለው ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ መኪኖቹን አነሡ። ባለ ፒክአፑም «ምን ኢንሹራንስ ያስኬደናል፣ እኔ አሠራታለሁ» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ሄደ። እኛም ሽማግሌ ይበቃል አልን። ስምንት ቀን ጠበቅነው። በዘጠነኛው ቀን ስልኩን አያነሣም።

ያን ጊዜ ነው ወደ መድን ድርጅቱ የሮጥነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ስለ መድን የሚናገረው ክፍሉ ዛሬም ይሠራበታል፣ ባለ መድኑ አደጋ መድረሱን ባወቀ በአምስት ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት ይላል። እኛ አራት ቀን አሳልፈናል። ደጅ ስንጠና ከርመን በስንት ልመና ተቀበሉን።

የአደጋው ፕላን አለመነሣቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2084 ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ጥፋቱ የአንደኛው መሆኑ ካልተረጋገጠ እኩል እንዳጠፉ ይቈጥራቸዋል፤ ጉዳቱንም ግማሽ በግማሽ ይሸከማሉ። ልጃችን ቀኙን ይዞ ይሄድ እንደ ነበር እኛ እናምናለን። እምነት ግን ፕላን አይሆንም!

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከጋራዦች ፕሮፎርማ ሰበሰብን፤ ዝቅተኛው 120,000 ብር ሆነ። ሙሉ ሽፋን አለን ብለን ደረታችንን ነፍተን ነበር። የተከፈለን ስንት ይመስላችኋል? 55,000 ብር። ልጃችን ተቈጣ፣ ተበላን አለ። ማታ መነጽራችንን አድርገን ውሉን ስናነበው ግን ሒሳቡ እዚያው ተጽፏል። መኪናዋ በገበያ 800,000 ብር ታወጣለች፤ እኛ አረቦኑ እንዳይበዛብን ብለን በየዓመቱ የድሮውን ዋጋ 400,000 ብር እያስጻፍን ነበር የምናሳድሰው። በግማሽ ዋጋ ስላስመዘገብናት የጥገናውም ግማሽ፣ 60,000 ብር፣ ብቻ ታሰበልን። ከዚያም ላይ ባለ መድኑ ራሱ የሚችለው 5,000 ብር ተቀነሰ። የቀረውን 65,000 ብር ከዕቁብ አወጣን።

የጉልቷን ሴት ነገር ሳንናገር አንወርድም። ዘመዶቿ በሽማግሌ 3,000 ብር ተቀብለው ሊፈርሙልን ነበር። እኛም፣ እውነቱን እንናገር፣ ደስ ብሎን ነበር። ባለቤታችን ናቸው «የሰው ክንድ ነው እኮ፣ የድንች መደብ አይደለም» ብለው ያስቆሙን። የሦስተኛ ወገን መድን ማለት ለባለ መኪናው ሳይሆን ለተጎዳው ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ባለ መኪና ሁሉ፣ ባለ ባጃጅም ቢሆን፣ ይህን መድን ሳይገባ እንዳይነዳ ያስገድዳል። አዋጁ ሲወጣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር ወስኖ ነበር፤ መጠኑ የሚሻሻል ነውና በጊዜው ያለውን ጠይቁ። ገጭቶ የሸሸ ወይም መድን የሌለው መኪና የጎዳውን ሰው ደግሞ የመድን ፈንድ የሚባለው ይክሰዋል። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሴትዮዋ የሐኪም ማስረጃዋን ይዛ ጠየቀች፤ ከሽማግሌው ገንዘብ ብዙ እጥፍ አገኘች። ዛሬ እዚያው መደቧ ላይ ናት፤ ስናልፍ ድንች ትመርቅልናለች።

መኪናም ሆነ ባጃጅ ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ የሚነዱ፣ በሚመጣው እሑድ ከሒሳቡ ስብሰባ በኋላ ውላችሁንና ሊብሬያችሁን ይዛችሁ ኑ። ዐይናችን እስካየ ድረስ አብረን እናነበዋለን።