ወባ፣ ቫይረስና የሕፃናት መንጋጋ፦ በጋምቤላ ለቆላ ጤና ባለሙያዎች ስልጠና የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

 በዚህ የወባ ወቅት ጤና ጣቢያን ለአንድና ለሁለት ሰው ጥሎ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁና ጊዜያችሁን አልሻማም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርዕሱ የሕፃናት ሊምፎማ መሆኑን ስትሰሙ «ወባው ጉድ እያደረገን ካንሰር ደግሞ ከየት መጣ?» ያላችሁ አትጠፉም። ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚህ አካባቢ ወባ ባይኖር ኖሮ ስልጠናውን ጋምቤላ ድረስ ይዘን ለመምጣት ብዙ ምክንያት አይኖረንም ነበር። ዛሬ የምንነጋገርበት ካንሰር የወባን ዱካ ተከትሎ የሚሄድ ነው።

ስሙ በርኪት ሊምፎማ ይባላል። የሚነሣው አንቲቦዲ ከሚሠሩት የደም ሴሎች፣ ከቢ ሴሎች ነው። በምድር ወገብ ዙሪያ ባሉ የአፍሪካ አገሮች ከ100,000 ሕፃናት በዓመት ከ3 እስከ 6 የሚሆኑትን ይይዛል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ማላዊን በመሰሉ አገሮች ግን ከሕፃናት ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ሲሆኑ ወንዶቹ ከሴቶቹ በእጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። በፍጥነት የሚወዳደረው ካንሰር የለም ማለት ይቻላል፤ ሴሎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እጥፍ ይሆናሉ። ሰኞ ዕለት «ጥርሱ ነው» ተብሎ አሞክሳሲሊን ተሰጥቶት የተሸኘ ልጅ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ዓይኑ በእብጠቱ ተገፍቶ ሊመለስ ይችላል።

ይህን በሽታ ለይቶ ያወጣው የላቦራቶሪ ተመራማሪ አልነበረም። ዴኒስ በርኪት ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1957 የሥራ ባልደረባው ሂው ትራውል መንጋጋው ከላይም ከታችም፣ በግራም በቀኝም ያበጠ ልጅ አሳየው። ኢንፌክሽን እንዳይባል በአራቱም በኩል እንዴት በአንዴ? ዕጢ እንዳይባልም ያው ጥያቄ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጂንጃ ሆስፒታል ሳለ በመስኮት አሻግሮ ሲመለከት ፊቱ እንደዚያው ያበጠ ሌላ ልጅ አየ። ወጥቶ መረመረው፤ ሆዱ ውስጥም ዕጢ ነበረ። ከዚያ በኋላ የቆዩ መዝገቦችን ማገላበጥ ያዘ፤ በ1958 የመጀመሪያ ጽሑፉን አሳተመ።

እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው። በ25 ፓውንድ ድጎማ የታማሚዎች ፎቶግራፍ ያለበት ወረቀት አሳትሞ በአፍሪካ ላሉ የመንግሥትና የሚሲዮን ሆስፒታሎች በተነ፤ እንዲህ ያለ ልጅ አጋጥሟችሁ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀ። የመጣለትን መልስ ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጠ። በ1961 ቴድ ዊሊያምስና ክሊፍ ኔልሰን ከተባሉ ሁለት ሐኪሞች ጋር ያረጀ ፎርድ መኪና ይዞ 10 ሳምንት ተጓዘ፤ ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ወደ 60 የሚጠጉ ሆስፒታሎች። የዛሬ ተመራማሪ ለዚህ ዓይነት ሥራ ስንት ሚሊዮን እንደሚጠይቅ እናንተው ገምቱ።

ነጥቦቹ ተደማምረው አፍሪካን መሐል ለመሐል የሚያቋርጥ ቀበቶ ሆኑ። ቀበቶው ግን ቀዳዳ ነበረው። በምድር ወገብ አካባቢ ከ1,500 ሜትር በላይ ባሉ ደጋዎች በሽታው አልነበረም፤ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ደግሞ ገደቡ እየወረደ ይመጣል። ኡጋንዳ ውስጥ የቫይረስ ተመራማሪ የነበረው አሌክሳንደር ሃዶ ካርታውን አይቶ፣ ወሳኙ ከፍታው ሳይሆን ሙቀቱ መሆኑን አመለከተ፤ በሽታው ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በማይወርድበትና በዓመት ቢያንስ 500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በሚዘንብበት አገር ነው የሚገኘው። ይህ የትንኝ አገር ነው። ከአፍሪካ ውጭም ብርቱ ወባ ያለባት ፓፑዋ ኒው ጊኒ በሽታውን ታውቀዋለች።

ስለዚህ መጀመሪያ የተጠረጠረው ትንኝ የምታስተላልፈው ቫይረስ ነበር። ግምቱ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። በርኪት በማርች 1961 ለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል ውስጥ ንግግር ሲያደርግ አንቶኒ ኤፕስታይን የተባለ ወጣት ተመራማሪ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዕጢ ናሙና ከካምፓላ ወደ ለንደን በአውሮፕላን ይላክለት ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አላገኘም። በዲሴምበር 1963 አውሮፕላኑ በጉም ምክንያት ማንቸስተር አርፎ ናሙናው ዘግይቶ ደረሰ፤ ፈሳሹም ደፍርሶ ነበር። ባክቴሪያ ገብቶበታል ተብሎ ሊጣል የሚገባው ነገር ነው። ኤፕስታይን ግን በማይክሮስኮፕ አየው፤ ያደፈረሱት በሕይወት ያሉ፣ ከዕጢው ተላቀው የሚንሳፈፉ ሴሎች ነበሩ። እነዚህን እያራባ ከኢቮን ባርና ከበርት አቾንግ ጋር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከት ቫይረሱን አገኘ። በ1964 ታተመ፤ ስሙም ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ተባለ። ሰውን ካንሰር ከሚያሲዙ ቫይረሶች መጀመሪያ የታወቀው እርሱ ነው።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ቫይረሱን ትንኝ አታስተላልፈውም፤ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ደግሞም ሁላችንም አለብን፤ በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተሸካሚዎች ናቸው። አንድ ጊዜ ከገባ በቢ ሴሎች ውስጥ ተኝቶ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ታዲያ ለንደን ያለው ልጅና አዲስ አበባ ያለው ልጅ ቫይረሱን ተሸክመው ሳለ መንጋጋቸው የማያብጠው ለምንድን ነው? ወባም ብቻውን መልስ አይሆንም። በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ወባ ይይዛቸዋል፤ ሊምፎማ የሚይዛቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ነገሩ ያለው በሁለቱ መገናኘት፣ በተለይም በሚገናኙበት ዕድሜና በሚደጋገሙበት መጠን ላይ ነው። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይህን ይዛችሁ ውጡ።

እስቲ ትንሽ ጠለቅ እንበል። ፋልሲፓረም ወባ በአንድ ልጅ ላይ ሲመላለስ ቢ ሴሎቹ ዕረፍት ያጣሉ። ሁልጊዜም «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ነው። በጥድፊያ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ይበላሻል። ቢ ሴል የተሻለ አንቲቦዲ ለመሥራት ኤ.አይ.ዲ. በሚባል ኢንዛይም የራሱን ዲ.ኤን.ኤ. እየቆረጠ ያስተካክላል። መቁረጡ በበዛ ቁጥር ያልታሰበ ቦታ የመቁረጥ አጋጣሚው ይጨምራል። በ2015 የታተመ በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናትም የወባ ኢንፌክሽን ሲራዘም ይህ ኢንዛይም ዲ.ኤን.ኤ.ውን እንደሚጎዳ አሳይቷል። በበርኪት ሊምፎማ የሚሆነው ይህ ነው፦ ሴሉ እንዲባዛ የሚያዘው ሚክ የተባለው ጂን ከክሮሞሶም 8 ተቆርጦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክሮሞሶም 14 ላይ፣ አንቲቦዲ ከሚያሠራው ጂን ጎን ይለጠፋል። ያ ጎረቤት በቢ ሴል ውስጥ ሌት ተቀን የሚሠራ ነውና ሚክም አብሮት ይሠራል፤ ሴሉም ያለ ማቋረጥ ይባዛል።

እንዲህ የተበላሸ ሴል በደንቡ ራሱን ማጥፋት ነበረበት። ቫይረሱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ በውስጡ የተኛበትን ሴል ከሞት ያስጥለዋል። ሦስተኛ ነገርም አለ። በቫይረሱ የተያዙ ሴሎችን እየተከታተሉ የሚያጠፉት ቲ ሴሎች በተደጋጋሚ ወባ ይደክማሉ። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ይህን ግልጽ አድርገውታል። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይጠፋበት በኪሱሙ ቆላ ያሉ ልጆች ቫይረሱን የመከላከል አቅማቸው ወባ እምብዛም በሌለበት በናንዲ ደጋ ካሉት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሕፃናቱም ቫይረሱን ገና ስድስት ወር ሳይሞላቸው የሚይዙት በኪሱሙ በብዛት ነው። ኪሱሙና ናንዲ ጎረቤቶች ናቸው። ከጎሬ ደጋ ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ ለወረደ ሰው ይህ ልዩነት ማስረዳት አያስፈልገውም።

ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው ብትሉኝ፣ የቫይረሱ በኩል ጠንካራ ነው። በ1970ዎቹ ኡጋንዳ ዌስት ናይል ውስጥ ከ42,000 ገደማ ሕፃናት ደም ተወስዶ ተቀመጠ። ከእነዚህ 14ቱ በኋላ በርኪት ሊምፎማ ያዛቸው። ቀድሞ የተቀመጠው ደማቸው ሲመረመር ዕጢው ከመታየቱ ብዙ አስቀድሞ የቫይረሱ አንቲቦዲ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ አንቲቦዲያቸው እንዲያ ከፍ ያሉት ልጆች የመያዝ ዕድላቸው 30 እጥፍ ነበር። የወባው በኩል ትንሽ ይላላል። ሰሜን ታንዛኒያ ማራ አካባቢ ከ1977 እስከ 1982 ከ10 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ክሎሮኪን ሲሰጥ የበሽታው ቁጥር ቀንሶ፣ ኋላም ተመልሶ ጨምሯል። ነገር ግን ቅነሳው የጀመረው መድኃኒቱ መታደል ከመጀመሩ በፊት ነው። ስለዚህ ያ ጥናት ብቻውን አያሳምነኝም። ካርታው፣ የኬንያው ጥናትና የኢንዛይሙ ሥራ አንድ ላይ ሲታዩ ግን ያሳምኑኛል።

ወደ እኛ ልምጣ። አዲስ አበባ ከ2011 ጀምሮ የካንሰር ምዝገባ አላት። ከተማዋ ያለችው ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ወባ የማይደርስበት ደጋ ላይ ቆሞ የቆላ ካንሰር መቁጠር አይቻልም። ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዝናብም ሙቀትም ፋልሲፓረምም አላት። በርኪት በካርታው ላይ የፈለገው ሁሉ እዚህ አለ። የጎደለው መዝገብ ነው። መዝገብ ስል የተራቀቀ ነገር ማለቴ አይደለም። ካምፓላ ሜንጎ ሆስፒታል ውስጥ አልበርት ኩክ የተባለው ሚሲዮናዊ ሐኪም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሕፃናት መንጋጋ ዕጢ በእጁ ሥሎ ትቶ ነበር፤ በሽታው በርኪት ከማየቱ በፊትም እንደነበር የታወቀው ከእነዚያ አሮጌ ደብተሮች ነው።

የስልጠናው ዋና ክፍል ምርመራ ነውና አሰልጣኞቹን አልቀድምም። ሦስት ነገር ብቻ ልጠቁም። የስድስት ዓመት ልጅ የፊት ጥርሱ ቢወላወል ወግ ነው፤ የመንጋጋ ጥርሱ ያለ ሕመም ከተወላወለና ድዱ ካበጠ ግን ጥርሱን ከመንቀላችሁ በፊት ቆም በሉ። ሆዱ ሲነፋ ደግሞ እጃችን ወዲያው ወደ ጣፊያ ይሄዳል፤ ወባ ነው፣ ካላዛር ነው፣ የሆድ ቲቢ ነው እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነን። ሕክምናው ተጀምሮ እብጠቱ በቀናት ውስጥ ከጨመረ ግን ልክ አይደለንም። ሦስተኛው፦ ናሙና ሳይወሰድ ፕሬድኒሶሎንም ሆነ ዴክሳሜታዞን አትስጡ። እብጠቱ ለጥቂት ቀን ይሟሽሻል፣ ቤተሰቡም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኛ ግን ምርመራውን አጣን።

ለምን ይህን ያህል እንደምንጣደፍ ልንገራችሁ። ይህ ካንሰር የሚድን ነው። በርኪት ራሱ ካምፓላ ውስጥ በጥቂት የሳይክሎፎስፋማይድ መጠን የዳኑ ልጆችን አይቷል። ዛሬ በበለጸጉ አገሮች ከ10 ልጆች ከ9 በላይ ይድናሉ፤ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ግማሽ ገደማ። ልዩነቱን የሚፈጥረው አንድም ዘግይቶ መድረስ፣ አንድም ሕክምናን አቋርጦ መሄድ፣ አንድም ጠንካራውን ኬሞቴራፒ የሚያስችል የደምና የአንቲባዮቲክ አቅርቦት ማጣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 በጀመረው የሕፃናት ካንሰር ዕቅድ በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት እንዲድኑ ግብ ጥሏል፤ በርኪት ሊምፎማም ቅድሚያ ከተሰጣቸው ስድስት ካንሰሮች አንዱ ነው። ከዚህ ወደ ጅማ ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ስትጽፉ ቀኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ዋጋ አለው።

ስለ መከላከል ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ ማጋነን ቀላል ነውና። ለኤፕስታይን ባር ቫይረስ በሥራ ላይ ያለ ክትባት የለም። ለወባ ግን አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት አንዱ በ2021፣ ሁለተኛው በ2023 እንዲሰጥ መክሯል። ክትባቱና አጎበሩ ወባን ሲቀንሱ ሊምፎማውንም ይቀንሳሉ ብዬ አምናለሁ። ለእናቶች ስታስተምሩ ግን አጎበርን በካንሰር ማስፈራሪያ አታስይዙት፤ ወባ ራሱ በቂ ምክንያት ነው። የታመመ ልጅ ያላትንም እናት «ወባውን ችላ ብለሽ ነው» ወይም «አኝከሽ ስላጎረስሽው ነው» የሚል ቃል እንዳይደርሳት ተጠንቀቁ። ቫይረሱ ያልያዘው ልጅ የለም ማለት ይቻላል፤ እዚህ ቆላ ወባ ያልያዘውም እምብዛም አይገኝም። የእርሷ ልጅ ለምን ተለይቶ እንደታመመ የሚነግራት ሐኪም የለም።

አሁን ወደ ሥራ። ጠረጴዛችሁ ላይ ባዶ ቅጽ አለ። ባለፈው አንድ ዓመት መንጋጋው ወይም ሆዱ ያለ ግልጽ ምክንያት አብጦ ወደ እናንተ የመጣ ልጅ ካስታወሳችሁ ዕድሜውን፣ ጾታውን፣ ቀበሌውንና መጨረሻው ምን እንደሆነ ጻፉ። ስም አትጻፉ። አንድም ካላስታወሳችሁ «የለም» ብላችሁ ጻፉ፤ እርሱም መረጃ ነው። ከሻይ ዕረፍት በፊት ሰብስበን ከሰዓት በኋላ ካርታ ላይ እናስቀምጠዋለን። ስልጠናው በይፋ ተከፍቷል።