ወዶ መውቀስ



በብሌንደን ታውንሺፕና በመላው ኮሎምበስ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ በዚህ ማለዳ አንዳንዶቻችሁ መኪናችሁን እያሞቃችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ ከሌሊት ሥራ እየተመለሳችሁ ነው። ለአፍታ ወደ ልጅነት ልመልሳችሁ።

የሰፈሩን ፕሌይስቴሽን ቤት ታስታውሳላችሁ? ጠባብ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ ተራ የሚጠብቅ ልጅ። ፔስን፣ ያንን የኮናሚን የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ብዙዎቻችን የወደድነው እዚያ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን ኩባንያው የጨዋታውን ስም ኢፉትቦል ብሎ ቀየረው። አዲሱ ሲወጣ ጉድለቱ በዛ። የተጫዋቾቹ ፊት እንኳ ተበላሽቶ ታየ። ደጋፊው አዘነ። ኮናሚም ይቅርታ ጠየቀ፤ ማስተካከልም ጀመረ።

ታዲያ የቆየ ደጋፊ ምን ያድርግ? ጨርሶ ይተወው? ወይስ ዝም ይበል? ሁለቱም አይደለም። ወዶ ይውቀስ። የወደደ ሰው ጉድለትን ይናገራል። የወደደ ሰው ውለታንም አይረሳም።

ይህ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ለወዳጅም ነው። ለትዳርም ነው። ለሀገርም ነው።

ዛሬ ቅር ያሰኛችሁ ሰው ካለ ደውሉለት። መጀመሪያ ደግነቱን አንሱለት። ከዚያ ቅሬታችሁን ንገሩት። ዝምታ ያራርቃል፤ በፍቅር የተነገረ እውነት ግን ያቀራርባል።